ባንክ ያልሰጠን ባንኮ

ታናሽ ወንድሜ የእንጨት ሥራ ሥልጠናውን ሲጨርስ የነበረው ሀብት ይቺው ነበረች፦ አንድ መጋዝ፣ አንድ መላጊያ፣ ሁለት መሮ፣ አንድ መዶሻ እና የምስክር ወረቀት። ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ በተከራየናት ሁለት ክፍል ቤት በረንዳ ላይ ሥራ ጀመረ። ጠረጴዛ የለውም። ጣውላውን በጉልበቱ ተጭኖ ይቆርጣል፤ ደረጃው ላይ አስደግፎ ይልጋል። ማታ ወገቡን ይዞ ሲያቃስት የሰማው ሰው የ22 ዓመት ልጅ ነው ብሎ አይገምትም።

እኔ ያጠናሁት ኢኮኖሚክስ ነው። «ችግሩ የካፒታል ነው» ብዬ ብድር ፍለጋ ይዤው ወጣሁ። ፎርም ሞላን፣ ፎቶ ኮፒ አደረግን፣ «ነገ ኑ» ተባልን፣ ሄድን። በመጨረሻ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፦ «ማስያዣ አላችሁ?» ማስያዣ ቢኖረንማ በረንዳ ላይ ምን እንሠራለን?

በዚያው ሰሞን አንድ የሰፈራችን አዛውንት አናጺ በበራችን ሲያልፉ ወንድሜን ተንበርክኮ ሲልግ አዩት። ቆም አሉና «አንተ ልጅ፣ ባንኮ ሳይኖርህ ነው እንዴ የምትሠራው?» አሉት። እኔ ባንኮ የማውቀው የግሮሰሪውን ነው። ለካ እሳቸው አናጺ የሚሠራበትን ጠረጴዛም ባንኮ ነው የሚሉት።

ነገሩ ሲገርመኝ ቃሉን ፈለግኩት። ጣሊያንኛ ነው። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ብር የሚቆጥሩበት አግዳሚ ጠረጴዛ «ባንኮ» ይባል ነበር። «ባንክ» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚያ ነው። ባንክም ባንኮም ሥራቸው አንድ ጠረጴዛ ነው ማለት ነው። የመጀመሪያውን ማግኘት አልቻልንም። ሁለተኛውን ግን ራሳችን ሠራነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ይህ ጽሑፍ አንደኛው ለምን እንደተበላሸ እና ሁለተኛው እንዴት እንደቆመ ነው። በእናንተ ግቢም ሊሠራ ስለሚችል ልኩን ጭምር እነግራችኋለሁ።

በሦስት ቀን የተሠራው

ሐምሌ ነበር። ወንድሜ የአንድ መደርደሪያ ሥራ አግኝቶ ቀብድ ተቀብሏል። «ቶሎ ጠረጴዛ እንሥራና ትእዛዙን እሱ ላይ እንሥራው» አልን። ገና ከመጋዝ የወጣ የባህር ዛፍ ሞራሌ ገዝተን በአህያ ጋሪ አስጫንን። በሦስት ቀን ቆረጥን፣ በምስማር መታን፣ አቆምን። ፎቶ አንስተን ለጠፍነው። «ጎበዝ!» «በርቱ!» ጎረፈ። ምን አለፋችሁ፣ ፋብሪካ የከፈትን ነው የመሰለን።

ነሐሴ ሳያልቅ ከአራቱ እግር ሦስቱ ብቻ መሬት መንካት ጀመሩ። ገጹ ተወላገደ። ምስማር የገባበት ቦታ ሁሉ ተሰነጠቀ። መላጊያውን ገፋ ባደረገ ቁጥር ጠረጴዛው አብሮት ይሄዳል። በተጣመመ ጠረጴዛ ላይ የተሠራው መደርደሪያም ተጣሞ ወጣ። ደንበኛዋ አልቀበልም አለች፤ እውነቷን ነው። ቀብዱን መለስን፤ ግማሹን ከቤት ኪራያችን ላይ አንስተን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለካ ስለ ጠረጴዛም ነው።

አዛውንቱ መጥተው አዩት። አልሳቁም። እግሩን በእጃቸው ወዘወዙና «እናንተ ይህን የሠራችሁት በእንጨት አይደለም፣ በውሃ ነው» አሉን።

በኋላ ሳነብ ነገሩ ቃል በቃል እውነት ሆኖ አገኘሁት። ገና የተቆረጠ እንጨት ውስጡ ብዙ ውሃ አለ። ከውሃው የተወሰነው በእንጨቱ ባዶ ቦታዎች ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ እሱ ሲወጣ እንጨቱ ይቀላል እንጂ ቅርጹን አይቀይርም። እርጥበቱ ከ30 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ግን ውሃው ከራሱ ከእንጨቱ ጭረት ውስጥ መውጣት ይጀምራል፤ ያኔ እንጨቱ ይኮማተራል። የሚኮማተረው ደግሞ በወርዱ ነው፤ በርዝመቱ ለውጡ ከቁጥር አይገባም። ወርዱም እኩል አይኮማተርም፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ የሚኖረው መኮማተር ከመሃል ወደ ቅርፊት ካለው በአማካይ እጥፍ ያህል ይሆናል። እንጨት የሚጣመመው በዚህ ምክንያት ነው። ባህር ዛፍ ደግሞ በመኮማተርና በመሰንጠቅ የታወቀ ነው። እኛ ምስማር መትተን ያሰርነው ገና መጠኑን ያልወሰነ ነገር ነበር።

ዶላሩንና ባህር ዛፉን ለዩ

ከውድቀቱ በኋላ ወንድሜ ዩቲዩብ ላይ ተቀመጠ። እዚያ የሚታዩት ጠረጴዛዎች ያምራሉ፤ የውጭ ጠንካራ እንጨት፣ ሁለት ትልልቅ ሞርሳ፣ በግድግዳው ሙሉ የተሰቀለ የማጥበቂያ ብረት። «ይኼ ከሌለኝማ አናጺ አይደለሁም ማለት ነው» አለኝ።

እኔ ወረቀት አወጣሁና ዕቃዎቹን ለሁለት ከፈልኳቸው። በአንድ በኩል በዶላር የሚገቡትን፦ ሞርሳ፣ ማጥበቂያ፣ ብሎን፣ ኮላ፣ ከውጭ የሚመጣ ኮምፐንሳቶ። በሌላ በኩል እዚሁ የሚበቅለውንና እዚሁ ያለውን፦ ባህር ዛፍ፣ የእጅ ሥራ እና ጊዜ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የግራው ዝርዝር ዋጋ ከዚያ ጋር ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ጥያቄዬ «የትኛው ጠረጴዛ ያምራል?» መሆኑ ቀረና «በግራው ዝርዝር ላይ በጣም ጥቂት የሚፈልገው የትኛው ነው?» ሆነ። እዚህ ዋጋ የማልጽፍላችሁም ለዚህ ነው። ዛሬ ብጽፍ ከነገ ወዲያ ይሳቅብኛል። ብዛትና ልክ ግን አይለወጥም።

ደግሞ ስታዩት ጥንታዊው ጠረጴዛ ያን ያህል ብረት አይፈልግም። ዩቲዩበሮቹ ስሙን ደጋግመው የሚጠሩት ፈረንሳዊው አናጺ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ እ.ኤ.አ. ከ1769 እስከ 1775 ባሳተመው ሰፊ የአናጺ መጽሐፍ ያሳየው ጠረጴዛ መሠረቱ ቀላል ነው። ወፍራም ገጽ፣ ወፍራም እግር፣ ማቆሚያ፣ ወደ ቀዳዳ የሚገባ መያዣ ብረት። ጉልበቱ ከክብደቱ ነው።

የአገራችን አናጺ የሚወደው ዋንዛ ነው። ለቤት ዕቃ መልካም ነው፤ አይጣመምም፣ ለመሮ ይመቻል። ለሥራ ጠረጴዛ ግን አትመኙት። ዋጋው አንድ ነገር ነው። ሌላው ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ የሐበሻ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ያን ያህል ነው የተመናመኑት። ባህር ዛፍ በአንጻሩ ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን የተተከለ፣ ዛሬ በየገበሬው ማሳ ዳር የሚገኝ፣ ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ የሚበቅል ዛፍ ነው። ከባድና ጠንካራ ነው። ለሥራ ጠረጴዛ ደግሞ ክብደት ጸጋ ነው። ያለበት አመል አንድ ነው፤ ቸኩሎ የነካውን ይቀጣል።

አምስት ወር የፈጀው ሥራ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዝናቡ ሲያልፍ 8 ሞራሌ ገዛን። እያንዳንዱ 4 ሜትር ርዝመት፣ 5 በ7 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ቤት እንደደረሰ የሠራነው የመጀመሪያ ነገር ጫፍና ጫፉን አሮጌ ቀለም መቀባት ነበር። እንጨት በጫፉ በኩል ውሃ ቶሎ ያጣል፤ መሃሉ ሳይደርቅ ጫፉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ከዚያ አከራያችንን እትዬን አስፈቅደን ከግንቡ ሥር፣ ጣሪያው በሚከልለው ቦታ ደረደርነው። በምላሹ ወንድሜ የኩሽናቸውን በር ጠገነላቸው። ድርደራው ደንብ አለው። ከመሬት ከፍ አድርጉት። በየንብርብሩ መሃል በየ50 ሴንቲ ሜትሩ እኩል ውፍረት ያላቸው ቀጫጭን እንጨቶች አስገቡ፤ ነፋስ እንዲያልፍ። ቀጫጭኖቹ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሁኑ። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት። ፀሐይ ላይ አታውጡት! እኛ ቶሎ እንዲደርቅ ብለን ልናወጣው ስንል አዛውንቱ «እንጨት ነው ወይስ በርበሬ?» ብለው አስቆሙን።

መድረቁን እንዴት ታውቃላችሁ? የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ አለ፤ ግን የግራው ዝርዝር ውስጥ ነው። እኛ የወፍጮ ቤት ሚዛን ተጠቀምን። ሁለት ሞራሌ ላይ ምልክት አድርገን በየ15 ቀኑ ወስደን መዘንናቸው። ባለወፍጮው መጀመሪያ ሳቀብን፤ በኋላ ራሱ «ዛሬስ ስንት ሆነ?» እያለ ይጠብቀን ጀመር። ጥቅምት ላይ 15 ኪሎ ገደማ የነበረው ሞራሌ በኅዳርና በታኅሣሥ ቶሎ ቶሎ ወረደ፣ በጥር ቀነሰ፣ የካቲት ላይ በተከታታይ ሁለት ጊዜ 11 ኪሎ ላይ ቆመ። ክብደቱ መውረድ ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ታርቋል ማለት ነው።

ሒሳቡን ተመልከቱ። ከአንዱ ሞራሌ 4 ኪሎ፣ ከ8ቱ 32 ኪሎ ውሃ ወጣ። አንድ ሙሉ ጀሪካንና ከግማሽ በላይ! ይህን ሁሉ ውሃ ነው ሐምሌ ላይ በምስማር ልናስረው የሞከርነው።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚስቱ አንድ ነገር ይናገር። «ወጣት ጊዜ አለው፣ ጊዜው ነፃ ነው» የሚለውን አባባል አልወደውም። የማንም ጊዜ ነፃ አይደለም። ወንድሜ አምስት ወር ቁጭ ብሎ ቢጠብቅ ኖሮ ይህ ርካሽ ጠረጴዛ ሳይሆን በጣም ውድ ጠረጴዛ ይሆን ነበር። ግን እንጨት ሲደርቅ ሰው አያስፈልገውም። እሱ በእነዚያ ወራት ሌላ ሰው ዘንድ በቀን ክፍያ ሠራ፤ እንጨቱ ደግሞ በእትዬ ግንብ ሥር የራሱን ሥራ ሠራ። ዘዴው መጠበቅ ሳይሆን ቀድሞ መግዛት ነው። እርጥቡ ከደረቁ ርካሽ ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍላችሁ ነፋሱ ነው።

ጊዜ ከሌላችሁስ? ከግንባታ የተረፈ የካሳፎርማ እንጨት ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው። ግን ስሚንቶና የተሰበረ ምስማር አለበት፤ የመላጊያ ምላጭ ይበላል። ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ማግኔት በላዩ እያሳለፋችሁ ምስማሩን አስሱ፣ ስሚንቶውን በሽቦ ብሩሽ አራግፉ።

ልኩና አቆራረጡ

ቁመት በሰው ነው የሚለካው። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ክንዳችሁን ወደ ታች ልቀቁት፣ ከመሬት እስከ እጅ አንጓችሁ ያለውን ለኩ። ለእጅ መላጊያ የሚስማማው በዚያ አካባቢ ነው። ለወንድሜ 84 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከፍ ካለ ክንድ ብቻ ይደክማል፣ ዝቅ ካለ ወገብ ይቀጣል።

ርዝመቱን 150፣ ወርዱን 54 ሴንቲ ሜትር አደረግን። 8ቱ ሞራሌ እንዲህ ይከፈላሉ።

6ቱ ሞራሌ፦ ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት 150 ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ በድምሩ 12። እነዚህ ገጹ ናቸው። ከእያንዳንዱ የሚተርፈው 1 ሜትር ለእግር ይሆናል።

7ኛው፦ ሁለት ባለ 110 ሴንቲ ሜትር ረጅም ማገር፣ ከቀረው ሁለት የእግር ግማሽ።

8ኛው፦ አራት ባለ 54 ሴንቲ ሜትር አጭር ማገር። የሚተርፈው ለስህተት ነው። አትሳቁ፣ እኛ ተጠቅመንበታል።

ከመቁረጣችን በፊት ሁሉንም ማሽን ካላቸው ሰዎች ዘንድ ወስደን በክፍያ አስላግን። ደረቅ ባህር ዛፍ በእጅ መላግ ትርፉ ድካም ነው። ከተላገ በኋላ 5 በ7 የነበረው 4 ተኩል በ6 ተኩል ገደማ ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ልክ ይህን ያሰበ ነው።

ማገጣጠም

ገጹን እንጀምር። 12ቱን ሞራሌዎች በጠባቡ ጎናቸው አቁማችሁ ጎን ለጎን በነጭ ኮላ ታጣብቃላችሁ። ስለዚህ ገጹ 6 ተኩል ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 54 ወርድ ይኖረዋል። የማጥበቂያ ብረት አልነበረንም። በሁለት ጫፍ ጠንካራ እንጨት የተመታበት መሠረት ሠርተን ሞራሌዎቹን መሃል አስገባን፤ በቀረው ክፍተት ደግሞ ተቃራኒ ሽብልቆች እየመታን አጠበቅን። ሽብልቆቹን ያወጣነው ከዚያ ከተጣመመው የመጀመሪያ ጠረጴዛ ነው፤ እስከዚያ እሱም ደርቆ ነበር። በአንዴ ሦስት ወይም አራት ብቻ አጣብቁና እስከ ነገ ተዉት። በአንዴ 12ቱን ልጨርስ ያለ ሰው ኮላው እጁ ላይ ይደርቅበታል።

እግሩ ደግሞ እንዲህ ነው። በመሮ ቀዳዳ መፈልፈል ለጀማሪ ከባድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እግር ከሁለት ግማሽ አጣበቅነው። የውጪው ግማሽ ሙሉ 78 ሴንቲ ሜትር ነው። የውስጡ ግማሽ ግን ሁለት ቁራጭ ነው፦ ከታች 12 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያ 6 ተኩል ክፍተት፣ ከዚያ 53 ሴንቲ ሜትር፣ ከላይ እንደገና 6 ተኩል ክፍተት። በእነዚህ ክፍተቶች ውስጥ አጭሩ ማገር ልክክ ብሎ ይገባል። ምንም ሳይፈለፈል ቀዳዳው ራሱ ተሠራ ማለት ነው። የፊቱንና የኋላውን እግር በሁለት አጭር ማገር አጋጥማችሁ በኮላና በአንድ አንድ ብሎን ስታስሩ አንድ ጠንካራ የጎን ፍሬም ይወጣል። ሁለት ፍሬም ሥሩ። ሙሉ እግሩና ገጹ ሲደመሩ 84 ተኩል ይሆናል፤ ገጹ ሲስተካከል ወደ 84 ይመጣል።

ሁለቱን ፍሬሞች የሚያገናኙት ረጃጅሞቹ ማገሮች ናቸው። በታችኛው አጭር ማገር ላይ ተቀምጠው ከእግሩ የውስጥ ጎን ጋር ይታሰራሉ። እዚህ ኮላ አትንኩ! በየጫፉ ሁለት ብሎን ከሮንዴላና ከዳዶ ጋር፤ በድምሩ 8። ለምን? አንደኛ፣ መላጊያ ጠረጴዛን የሚገፋው በርዝመቱ ነው። አንድ ብሎን ቢሆን ማገሩ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፤ ሁለት ሲሆን፣ በተለይ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ በሰያፍ ሲገባ፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለተኛ፣ እንጨቱ ትንሽ ሲኮማተር በመፍቻ ታጠብቁታላችሁ። ሦስተኛ፣ ተከራይ ነን። ቤት ልቀቁ የተባልን ቀን ተፈታቶ በአንድ ጋሪ መሄድ አለበት።

ለብሎኑ አስቀድማችሁ በትራፓኖ ቀዳዳ አውጡ። ባህር ዛፍ ላይ ምስማርም ይሁን ብሎን ቀዳዳ ሳይወጣለት ከገባ ይሰነጥቀዋል፤ በተለይ ጫፉ አካባቢ።

በመጨረሻ ገጹን ከላይኛዎቹ አጫጭር ማገሮች ጋር ከሥር በብሎን ታስራላችሁ፤ በየማገሩ ሁለት። የፊተኛው ቀዳዳ ልክ ይሁን፣ የኋለኛውን ግን በወርዱ በኩል ረዘም አድርጉት። የደረቀ እንጨትም በክረምት ትንሽ ያብጣል፣ በበጋ ትንሽ ይሸበሸባል። መተንፈሻ ካልሰጣችሁት ራሱ ቀድዶ ይወስዳል።

ገጹ መስተካከሉን ለማየት ሁለት ቀጥ ያሉ እኩል ዘንጎች በሁለቱ ጫፎች አጋድሙና ዝቅ ብላችሁ በአንድ ዓይን ከአንዱ በላይ ሌላውን ተመልከቱ። ጠርዛቸው እኩል ካልሆነ ገጹ ተጣሟል፤ ከፍ ያለውን ማዕዘን ላጉ። ውሃ ልክ ለዚህ አይበቃም፣ ዓይን ይበልጠዋል። ቫርኒሽ አያስፈልግም፤ ዕቃ ያንሸራትታል።

አንድ ጥንቃቄ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑ ነገሮች የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ሰጋቱራው ሲቦን ማስክ አድርጉ። በኮሮና ጊዜ የገዛችሁት የሆነ ቦታ ተሰቅሎ ይኖራል።

ያለ ሞርሳ

ጠረጴዛው ብቻውን ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በረጃጅሞቹ ማገሮች ላይ ጣውላ አጋድመን መደርደሪያ አደረግንና ሁለት ጀሪካን ውሃ አስቀመጥንበት። 40 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት፣ በነፃ። ውሃ በሚጠፋበት ቀን ደግሞ እትዬ «ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጀሪካን አቀብሉኝ» ይላሉ። በዚያ ቀን ወንድሜ ከባድ ሥራ አይሠራም።

ሞርሳ ውድ ስለሆነ ተውነው። በእሱ ቦታ ሦስት ነገር አደረግን። በግራ ጫፍ ላይ ቀጭን እንጨት መታንበት፤ ሲላግ ጣውላው ተደግፎ የሚቆምበት ማቆሚያ ነው። ጣውላን በጠርዙ አቁሞ ለመላግ በአፉ የተሰነጠቀ፣ በሽብልቅ የሚጠብቅ ቁራጭ ሠራን። ሦስተኛውን ብየዳ የሚሠራ ጓደኛው ሰጠው፦ ከ16 ፌሮ የታጠፈ፣ እንደ ከዘራ ያለ መያዣ። ገጹ ላይ ከፌሮው ትንሽ ሰፋ ያለ ቀዳዳ አውጥቶ ያስገባዋል። አናቱን አንዴ በመዶሻ ሲመታው ጣውላውን አንቆ ይይዛል፤ ከኋላው ሲመታው ይለቃል። ገጹ ወፍራም መሆን ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

ሞርሳው ቆይቶ ሊገዛ ይችላል። ግን ጠረጴዛው ራሱ ሠርቶ ይግዛው እንጂ እኛ ቀድመን አንገዛለትም።

ማስያዣው

መጋቢት መጀመሪያ ላይ አቆምነው። ፎቶ አልለጠፍንም፤ ፈርተን ነው። ክረምቱን እስኪያልፍ ጠበቅነው። መስከረም ላይ አራቱም እግሮች መሬት ላይ ነበሩ። ሁለት ብሎን ትንሽ ላልተው አገኘናቸውና አጠበቅናቸው፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ቤት ቀይረናል። ጠረጴዛው በጋሪ ሄዶ አዲሱ ግቢ ውስጥ በዚያው ቀን ቆመ።

እኔ ግን ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር ነው። ድሮ ሰው ሥራ ሊያዝዝ ሲመጣ ወንድሜን የሚያገኘው በረንዳ ላይ ተንበርክኮ ነበር። «አስቤ እመለሳለሁ» ይልና አይመለስም። አሁን የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጠረጴዛውን ነው። አንዳንዱ በእጁ ይነካዋል፣ ይወዘውዘዋል፤ አይነቃነቅም። ከዚያ ኪሱ ገብቶ ቀብድ ይሰጣል።

ቀብድ በእኔ ትምህርት ቋንቋ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወለድ የሌለው ብድር ነው። ደንበኛው ዕቃው ሳይሠራ ገንዘቡን የሚሰጠው አምኖ ነው፤ እኛም በእሱ ገንዘብ እንጨት እንገዛለን። ያኔ ፎርም ይዘን ስንመላለስ «ማስያዣ አላችሁ?» ተብለን ነበር። ስምንት ሞራሌ፣ ትንሽ ኮላ፣ ጥቂት ብሎንና አምስት ወር ነፋስ ማስያዣ ይሆናል ብሎ ማንም አልነገረን።

ብድር አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ሥራው ሲሰፋ ማሽን ያስፈልጋል፣ ቦታ ያስፈልጋል፤ ያንን በቀብድ መግፋት አይቻልም፤ ለወጣት አናጺ በር የሚከፍት አበዳሪ አሁንም እንፈልጋለን። ግን እሱ እስኪመጣ ድረስ መሬት ላይ መንበርከክ ግዴታ አይደለም።

አዛውንቱ ባለፈው ሳምንት ብቅ ብለው ነበር። ጠረጴዛውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፋቸው ዳበሱትና ወንድሜን «እንጨት ገዝተሃል?» አሉት። «ለምን ጋሼ? ጠረጴዛው አለ እኮ» አላቸው። «ለሚቀጥለው ዓመት ሥራህ ነዋ» አሉት።

በማግስቱ ሄዶ ገዛ። አሁን ከግንቡ ሥር ተደርድሯል፤ ጫፉ ቀለም ተቀብቷል፣ ከላዩ ድንጋይ ተጭኗል። እናንተም ጠረጴዛ የምትፈልጉ ከሆነ ዝናቡ እንዳለፈ እንጨቱን ግዙ። ጠረጴዛውን ግን የወፍጮ ቤቱ ሚዛን ሲፈቅድላችሁ ሥሩ።